ዝናቡ እስኪያባራ

የወንድሜ የልጅ ልጅ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። እኔ መቀመጥ የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ስዞር ነው የማሳልፈው። እሷ ግን ከከተማችን ከመቱ ወጣ ብሎ ካለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለችና፣ «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ድሮ ቲያትር ሠርተው የለ፤ ዛሬ ስለ ቲያትር ንግግር አለ፣ ይምጡ» ብላ ነዘነዘችኝ። ሄድኩ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ለሽማግሌ ክብር ተብሎ አስቀመጡኝ፤ ይህም ማለት እንደ ልቤ ተነሥቼ እንዳልወጣ አሰሩኝ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ርእሱ ተጽፏል፤ የጥንት ግሪኮች አሳዛኝ ተውኔት በዛሬው የአሜሪካ ድራማ ውስጥ ያለው አሻራ ይላል። ተናጋሪው ጢሙ ገና ያልጠነከረ መምህር ነው። ስለ ጀግናው ስህተት ተናገረ፣ ስለ ዕጣ ፈንታ ተናገረ፣ በኅብረት ሆነው ስለሚያዜሙት የአገር ሰዎች ተናገረ። እኔ እግሬን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያደረግሁ ቻልኩት። ከዚያ «መልእክተኛው» አለ። «በግሪኮች ዘንድ ሞት በመድረክ ላይ አይታይም፤ መልእክተኛ መጥቶ ይናገራል።» ይህን እንዳለ የመቱ ዝናብ ከላይ ቆርቆሮውን ደበደበው፤ ልጁም ድምፁ ስለተዋጠ ዝም ብሎ ቆመ። ቆሞ ዝናቡን ሲጠብቅ ባየሁት ጊዜ መቀመጥ አልቻልኩም። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁና በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ።

መቱ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዝናብ ሲመጣ ወሬ ይቆማል። ያኔ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔ ሦስተኛ ክፍል በማስተምርበት ዘመን፣ ትምህርት ቤታችን ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ፣ ጣሪያው ግን ወላጆች አዋጥተው ያለበሱት አዲስ ቆርቆሮ ነበር። ዝናቡ ሲወርድበት የሶር ፏፏቴ ከራሳችን በላይ የመጣ ይመስላል። አስተማሪው ጠመኔውን እንደያዘ፣ ተማሪው እጁን እንዳነሣ፣ ሁሉም በነበረበት ቆሞ ይጠብቃል። ሲያባራ ደግሞ ማንም «የት ነበርን?» ሳይል ከተቋረጠበት ቃል ይቀጥላል። ሱቅ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ዋጋ ስትከራከሪ ዝናብ ከመጣ ሻጩም አንቺም ተፋጥጣችሁ ትቆማላችሁ። ብዙ ክርክር የተሸነፍኩት በዚያ መሐል ስለሚያሳዝኑኝ ነው።

ዋጋ ካነሣሁ አይቀር ልበል። ከመቱ ጎሬ በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጦ ለመሄድ ሽልንግ ይበቃ ነበር፤ ጋቢና ለመቀመጥ ግን ወይ ብር መክፈል ወይ የሾፌሩ ዘመድ መሆን ነው። በስሙኒ የሚበላው ሙዝ ከብዛቱ ሆድ ያሳምም ነበር። ቴትረን ሸሚዝ ለብሶ የመጣ መምህር በኮረዶች ዘንድ ግማሽ ደጃዝማች ነው፤ አይተኮስም፣ አይጨማደድም፣ ሲያልበው ግን ጉዱ ይወጣል። እኔ ራሴ ፀጉሬን እንደ አዲስ አበባ ሴቶች ወደ ላይ ከምሬ፣ ጉርድ ቀሚሴን ከጉልበቴ ዝቅ አድርጌ፣ በዚያ ጭቃ ላይ በታኮ ጫማ እሄድ ነበር። በጎሬ መንገድ መታጠፊያ ላይ አንድ ቡና ቤት የሸክላ ማጫወቻ አስገብቶ ነበር። አንዱ ሸክላ ስለተጫረ ዘፋኙ ፍቅሩን ሊናገር አፉን ይከፍትና እዚያው ቃል ላይ ይንገዳገዳል፤ መንገደኛው ነው ተቀብሎ የሚጨርስለት። እኔም ስንቴ ጨርሼለታለሁ። አሁን በቦታው የስልክ ካርድ ይሸጡበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ከንፈሬ ያንኑ ቃል ሊጨርስ ይነሣል።

ከቡና ቤቱ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን የሚያሽከረክረው ጋሼ ኩምሳ ነበር። የከተማው ተማሪ ሁሉ የሚለብሰውን ካኪ የሰፋ እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ሌላ ሴት አላገባም፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹን ብቻውን አሳደገ። ድምፁ ከበረንዳው ተነሥቶ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር፤ አማርኛውን በኦሮምኛ እያጣፈጠ ሲያወራ ልብስ የማያሰፋው ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይቆምለታል። ትልቁ ልጁ ታደሰ አባቱን ሳያስፈቅድ ጠፍቶ ሄዶ ወታደር ሆነና ጠረፍ ተመደበ። ይህ ጋሼ ኩምሳን ገደለው። ትንሹ ገመቹም ልቡ ወደ ወንድሙ ማዘንበል ሲጀምር አባቱ ቀደመው፤ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ከሚያውቀው ሾፌር ጋር፣ በቡና ጭነት መኪና ላይ ረዳት አደረገው። መምህራን ሄደን ለምነነው ነበር፤ ልጁ በሒሳብ ጎበዝ ነበረና። ጋሼ ኩምሳ የስፌት መኪናውን መርገጡን ሳያቆም፣ «መኪና ላይ ያለ ልጅ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወታደር ግን መሄዱን እንጂ መመለሱን ማን ያውቃል?» አለን። ወደ ክፍላችን ተመለስን።

ሚስተር ራልፍ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አሜሪካዊ ነው፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ቁመቱ በር ሁሉ ላይ ግንባሩን ያስመታዋል። ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ጠባይ ግን ነበረው፣ የመጣለትን እውነት በመጣለት ሰዓት ይናገራል። ዳይሬክተራችንን «ዛሬ አፍህ ይሸታል» ያለው እሱ ነው። ለትምህርት ቤቱ አጥር ገንዘብ እንዲሰበሰብ ቲያትር እንሥራ ብሎ ተነሣ፤ ተውኔቱን ይጻፈው ራሱ ወይም የኮሌጅ አስተማሪው በውል አላወቅሁም፣ ብቻ በመኪና የተተየበ ወረቀት ነበር። እኔና እሱ ቁጭ ብለን ወደ አማርኛ መለስነው፤ «ቁጭ ብለን» የምለው እሱን ነው፣ እኔማ ቆሜ ነው። ታሪኩ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ጫማ ስለሚሸጥ ሰው ነው። አንድ ልጅ አለው፤ ለልጁ ሲል ያርቀዋል፣ ባራቀበት ቦታ ልጁ ይሞታል። ጎረቤቶቹ ቀድመው ሰምተዋል፤ እሱ ግን ገበታ ዘርግቶ ይጠብቃል።

ሚስተር ራልፍ ይህ ከጥንት ግሪኮች የተወረሰ ነው ብሎ በክፍሉ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አስረዳን። አሜሪካኖች ንጉሡን አውጥተው ባለሱቁን አስገቡ፤ በኅብረት የሚያዜሙትን የአገር ሽማግሌዎች አውጥተው በአጥር ላይ የሚያወሩ ጎረቤቶችን አስገቡ፤ የሚሆነውን ሁሉ ያውቃሉ፣ ሊያስቆሙት ግን አይችሉም አለ። ሁላችንም ግሪክ ሲባል የምናውቀው ጎሬ ላይ ቡና የሚገዛውን ሰውዬ ነው። ጋሼ ኩምሳ «ያ ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው ሰውዬ ዘመዶች ናቸው ይህን ሁሉ ያሰቡት?» ብሎ አሳቀን። አባቱን እንዲጫወት የተመረጠው እሱ ነበር። ሚስተር ራልፍ በዝናብም ቢሆን የሚሰማ ድምፅ ፈልጎ ከተማውን ሲያስስ ነው ከበረንዳው ላይ ያገኘው። ኮቱንም ራሱ ሰፋ፤ ከግራጫ ጨርቅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አሜሪካዊ ይመስለኛል ብሎ። ፎቶግራፍ ላይ ካየው ነው የቀዳው፣ ደግሞ አማረበት።

በልምምዱ የተጣላነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ ፖስተኛ ይመጣና በቀትር፣ በር ላይ ቆሞ፣ ልጅህ ሞቷል ብሎ ይሄዳል። ጋሼ ኩምሳ ኮቱን አወለቀ። እንዲህ ያለ መርዶ ለጠላትም አይነገርም አለ። ለሚስተር ራልፍም በእኔ አስተርጓሚነት ወጉን አንድ በአንድ ነገረው፤ መርዶ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። ዘመድ ከሩቅ መጥቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ይገባል። ከዚያም ቢሆን «ሞተ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም፤ «ትንሽ አመም አድርጎታል» ይባላል፣ የቀረውን ባለቤቱ ራሱ ይደርስበታል። ሚስተር ራልፍ ዓይኑ በራ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ይግቡ፣ ይህማ ራሱ ግሪክ ነው ብሎ ተስማማ። ቃሉን ግን አልለቅም አለ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ መጥቶ «አመም አድርጎታል» ሲባል ሊሰማ አይችልም፣ ተውኔት ጥርት ያለ ቃል ይፈልጋል አለ። ጋሼ ኩምሳ አሰበበትና፣ «ይሁን፣ እንዲያውም ይሻላል። ሞቷል ሲባል ጨዋታ መሆኑ ይታወቃል» አለ። የጎረቤቶቹ አለቃ እኔ ስለነበርኩ ቃሉ የእኔ ሆነ። ብዙ ጊዜ ተለማመድኩት፤ ልጅህ ሞቷል፣ ልጅህ ሞቷል። እሱም በየጊዜው ይወድቅና ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ፣ «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እንዳታፍሪ፣ ጮክ በይ» ይለኝ ነበር።

ቲያትሩ እሑድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ወሬው መጣ። ከበደሌ በኩል የገባ ሾፌር ነው ያመጣው። የቡናው መኪና ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎ ተገልብጦ፣ ከላይ ጆንያው ላይ የነበረው ገመቹ ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል። ሾፌሩ ወሬውን ለጋሼ ኩምሳ ሳይሆን፣ እንደ ወጉ፣ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ በላቸው ነገረ። አቶ በላቸው አባታቸው ከጎንደር መጥተው እዚህ የቀሩ፣ ራሳቸው መቱ የተወለዱ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቹን ሰብስበው መከሩ። የጋሼ ኩምሳ ታላቅ ወንድም ኡካ ነው ያለው፤ እሱ ሳይደርስ መርዶ ቢነገር ነውር ነው። ሰው ተላከበት፤ ወንዞቹ ሞልተዋልና ከሰኞ በፊት አይደርስም። ስለዚህ ሰኞ ሲነጋጋ ይነገረዋል ተባለ። ቲያትሩስ? አንዳንዱ ይቅር አለ። አቶ በላቸው ግን ቢቀር ለምን ቀረ ብሎ ይጠይቃል፣ የአውራጃው ገዢ ተጠርተዋል፣ ምን ብለን እንመልስለታለን አሉ። ሰውየው ሳይዘጋጅ፣ ወንድሙ አጠገቡ ሳይኖር፣ መንገድ ላይ ከሚሰማው እሑድን በጨዋታ ይዋል ተብሎ ተቆረጠ። ዛሬ ላይ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ አልፈርድም። ያ ልጅ መምህር «የጀግናው ስህተት» ሲል እግሬን ያቁነጠነጠኝም ይህ ነው፤ የማን ስህተት? ሁሉም ለደግ ነው ያደረገው፣ አባትም ሽማግሌም።

ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ልብስ ለማሰፋት የመጣው ሰው ከበረንዳው ርቆ ይቆማል። ቡና ቤቱ ሸክላውን አጥፍቷል፤ ጋሼ ኩምሳ ጮክ ብሎ መብራት ጠፋባችሁ ወይ እያለ ይቀልዳል። ለሚስተር ራልፍ አልነገርኩትም። ብነግረው በዚያው እግሩ ወደ በረንዳው ሄዶ፣ በዚያ ስብርብር አማርኛው፣ ልጅህ ሞተ ይለው ነበር፤ ከልቡ አዝኖ፣ እጁንም ጨብጦ ይለው ነበር። እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ቤቴን ጠረግሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ፤ ቀሚሴን አጠብኩ፣ ሳይደርቅ መልሼ አጠብኩት።

እሑድ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ከኖፓ ድረስ በበቅሎ የመጣ ነበር። ፊት ወንበር ብር፣ ኋላ አግዳሚ ሽልንግ፣ ተማሪ ስሙኒ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የማያውቁት ሚስተር ራልፍና ጋሼ ኩምሳ ብቻ ነበሩ፤ ገዢው እንኳ ሲገቡ ተነግሯቸዋል። የአቡጀዲው መጋረጃ ተከፈተ። ጋሼ ኩምሳ በግራጫ ኮቱ ገበታ ይዘረጋል፣ ልጄ ዛሬ ይመጣል ይላል፣ ለልጁ ያስቀመጠውን ጫማ አንሥቶ በክንዱ ይወለውላል። ሕዝቡ ነጠላውን ነከሰ። ሊስቅ በሚገባው ቦታ አልሳቀም። እሱ ይህን ሁሉ የትወናው ኃይል መሰለው፤ ስለዚህ ባሰበት፣ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጨመረ። ልጁን በስሙ ሳይጠራ አቆላመጠው። አንዲት ሴት እንባዋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። እሱ በዓይኑ ተከትሏት ደስ አለው፤ አየሁት፣ ደስ አለው።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ከጎረቤቶቼ ጋር ነጠላዬን አጣፍቼ እጠብቃለሁ። አቶ በላቸው በኋላ በር መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አስካለ፣ ሞቷል እንዳትይ» አሉኝ።

ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው አልኳቸው።

«ወረቀቱን ተይው። በሬሳው ላይ እንዴት እንዲህ ትያለሽ? አመም አድርጎታል በይና ጨርሺው።»

እውነታቸውን ነው ብዬ አሰብኩ። የሰውዬው ልጅ ዴዴሳ ተቀብሮ ሳለ በሽልንግ ትኬት፣ በሕዝብ ፊት፣ ልጅህ ሞቷል ብዬ ልጮህ? አፌም አይታዘዘኝም ነበር። ደግ ቃል የተሰጠኝ መሰለኝና ቀለል አለኝ።

ገባን። ጎረቤቶቹ ከኋላዬ፣ እኔ ከፊት። ጋሼ ኩምሳ ጫማውን እንደያዘ ዞር አለ። አፌን ልከፍት ስል ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሁላችንም በነበርንበት ቆምን። መቱ ነው፣ ምን ይደረጋል፤ ይጠበቃል። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። መጀመሪያ ጥርሱን ነክሶ ሳቁን ያዘ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ዝናብ መጣ ብሎ። ከዚያ ዓይኑ ከእኔ አልፎ ወደ ሴቶቹ ሄደ። ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር፤ ቦታው ገና ሳይደርስ፣ ድምፃቸው ሳይሰማ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። ወደ አዳራሹ አየ። አዳራሹም ያለቅሳል። ገዢው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ዝናቡ አያባራም። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት ቆሜ አላውቅም።

ሲያባራ ከተቋረጠበት ቀጠልኩ።

«ጋሼ ኩምሳ፣ ልጅዎን ትንሽ አመም አድርጎታል።»

ጫማውን ቀስ ብሎ ገበታው ላይ አስቀመጠው። አልወደቀም። በተውኔቱ ያለው አባት አንድ ልጅ ነው ያለው፤ ወረቀቱም እዚህ ላይ ምንም ቃል አልሰጠውም። ጋሼ ኩምሳ ግን በረንዳው ላይ በሚያወራበት በራሱ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ ጠየቀኝ።

«የትኛውን?»

ሰኞ ሲነጋ ወንድሙ ባለበት ሊነገረው የሚገባ ነበር። ሽማግሌ እንጂ እኔ ልናገረው የሚገባ አልነበረም። ሁሉም እኔን አየ።

«ገመቹን» አልኩት።

«ታደሰን አይደለም?»

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ኮቱን አወለቀው። እንደ ልብስ ሰፊ፣ በስፌቱ ላይ አጠፈው፤ እጁ ከልማዱ አልወጣም ነበር። «እሱንማ እኔ ነኝ መኪናው ላይ ያሳፈርኩት» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ከመድረኩ ጥግ፣ ወረቀቱን እየገለበጠ ያንን ቃል ሲፈልግ የቆየው ሚስተር ራልፍ ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ ማጨብጨብ ጀመረ። ብቻውን አጨበጨበ፤ ከልቡ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። ከዚያ ሴቶቹ «ያ ኢልማ ኮ፣ ወይ ልጄን» ብለው ጮኹ፣ የእሱም እጅ በአየር ላይ ቀረ።

ወንድሙ ሰኞ ሲደርስ ልቅሶው ሦስተኛ ድንኳን ተጨምሮለት ነበር። ሚስተር ራልፍ ከድንኳኑ ሳይለይ፣ መሬት ላይ፣ ያንን ረጅም እግሩን አጥፎ ሰነበተ፤ ስለ ግሪክ ዳግመኛ አላነሣም። ታደሰ፣ ያ የተፈራለት ወታደር፣ በደህና ተመልሶ መጣና ከብዙ ዘመን በኋላ አባቱን ቀበረ። ጋሼ ኩምሳ እኔን አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ስፌቱንም አልተወም። ዝናብ ሲመጣ ግን መኪናውን መርገጡን አቁሞ፣ ከበረንዳው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ እኔም በዚያ ሳልፍ ዝናብ ከያዘኝ ሌላ ሱቅ ነው የምጠለለው።

ዛሬ ከአዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ሲሰማ ደነገጥኩ። ንግግሩ አልቆ ነው። የወንድሜ የልጅ ልጅ ደብተሯን በደረቷ ታቅፋ ሮጣ መጣች፤ ፈልጋ ፈልጋ አጥታኝ ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ ቆመው ምን ያደርጋሉ?»

«ዝናቡ እስኪያባራ ነው» አልኳት።

ወደ ሰማዩ ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ደረቁን ነጠላዬን በእጇ ነካች።

«ካባራ ቆየ እኮ፣ እትዬ።»